የፔጆዬ ግራ ዓይን

የቆመ መኪና ገጭቶ ሲያበቃ፣ ወርዶ «ይህቺ ደግሞ ለምን እዚህ ቆመች?» ብሎ የሚቆጣ ሰው በዕድሜዬ ያየሁት አንድ ብቻ ነው። ካድሬ ነበር። ስሙን አልጠራም። ስም መጥራት አንድ ዓይነት ማክበር ነው፤ እሱን የማከብርበት ምክንያት ደግሞ ይኸው እስከ ዛሬ አልተገኘልኝም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ጅማ፣ በስብሰባ አዳራሹ ግቢ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ለሁሉም ነገር ስብሰባ ነበር። ስኳር ሲጠፋ ስብሰባ፣ ስኳር ሲገኝ ስብሰባ። የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል። ስሙ የተያዘ ሰው ቀበሌ ሱቅ ሄዶ ሳሙና ሲጠይቅ፣ ሳሙናው ከሻጩ ጀርባ ተደርድሮ እያየው «አልቋል» ይባላል። ስለዚህ ሁላችንም ሳንቀር እንሄድ ነበር። የዚያን ቀን እኔም ከሾፌሬ ጋር በፔጆዬ ሄድኩ። ዘበኛው ከአጥሩ ጥግ፣ ከዛፉ ሥር ቦታ አሳየን፣ እዚያው አቆምናት።

ፔጆዋ ከኋላዋ ረዘም ያለች፣ ሦስት ረድፍ ወንበር ያላት፣ ድሮ ነጭ የነበረች መኪና ናት። ባሌ ሲሞት ከሁለት ልጆች ጋር የተወልኝ እሷን ነው። ስናከራያቸው የነበሩት ክፍሎች ትርፍ ቤት ተብለው ተወርሰዋል። ስለዚህ ከጅማ ሰርቦ፣ ከሰርቦ ጅማ የምትመላለሰው ፔጆ ነበረች የምታበላን። ክረምቱን በጭቃና በቤንዚን ሰልፍ አሳልፋ፣ ቡና ሲቀላ ግን ሰው አታጣም ነበር። ለቃሚው ይሄዳል፣ ነጋዴው ይመለሳል፣ ገበሬው ቡናውን ሸጦ ለሚስቱ ሻሽ ሊገዛ ጅማ መርካቶ ይወርዳል። የዓመት ቀለባችንን የምናገኘው በእነዚያ ጥቂት ወራት ነው።

የባሌ ታላቅ ወንድም፣ ዋርሳዬ፣ ከቀብር መልስ ሰው ሳይበተን ጀምሮ ዓይኑ መኪናዋ ላይ ነበር። እዚሁ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ይኖራል። የተከበረ ሰው ነው፤ ማለትም እምቢ የሚለው ሰው አግኝቶ አያውቅም። ፊቱ ላይ «እርስዎ» ስለው ኖሬአለሁ፣ እዚህ ግን ይብቃኝ። «ሴት ልጅ ታሳድጋለች እንጂ መኪና አታስተዳድርም» ይለኛል። «ለእኔ ስጪኝና እኔ ቀለብ እሰፍርልሻለሁ።» የእሱን ቀለብ አውቀዋለሁ። የገዛ ሚስቱ ለጨው መግዣ ስትለማመጠው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሲያስጨንቀኝ ጊዜ «ይህቺን የቡና ወቅት ልይበት» አልኩት። እሱም በዘመድ ፊት «እሺ፤ ይህን ወቅት ካልሠራች ግን መኪናዋ ወደኔ ትመጣለች» አለ፤ እኔም ተስማማሁ። የቀረኝ እንግዲህ ያች አንድ ወቅት ነበረች።

ቡናው ሊቀላ ትንሽ ሲቀረው ነው ያ ስብሰባ የተጠራው። ስለ ቡና ለቀማ ዘመቻ ነበር። ካድሬው ከሌላ አገር ተሾሞ የመጣ ሰው ነው፤ የቡና ዛፍ ቁመት እንኳ የሚያውቅ አይመስለኝም፣ ግን ስለ ቡና ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ተናገረ። እኛም አጨበጨብን። ሲያልቅ ወደ ግቢው ወጣን። የመንግሥት ላንድሮቨርና ሾፌር ነበረው፤ የዚያን ቀን ግን የወጣት ማኅበሩ ልጃገረዶች በረንዳው ላይ ቆመው ስላየ «ቁልፉን አምጣ» አለው ሾፌሩን። ሾፌሩ እያንገራገረ ሰጠው። ካድሬው ገባ፣ ሞተር አስነሳ፣ ልጃገረዶቹን በመስኮት አየት አደረገ፣ የኋላ ማርሽ አስገባና በቀጥታ መጥቶ ፔጆዬ ላይ ተቀመጠባት።

ብርጭቆው ሲረግፍ ሰማሁ። ከዚያ ነው ወርዶ «ይህቺ ደግሞ ለምን እዚህ ቆመች?» ያለው።

«ጓድ፣ ዘበኛው ነው እዚህ ያስቆማት» አልኩ።

«የግል መኪና በሕዝብ ግቢ ተንሰራፍቶ መቆሙ ራሱ የአመለካከት ችግር ነው» አለኝ።

የእሱ ላንድሮቨር ላይ ጭረት እንኳ የለም። የእኔዋ ግራ መብራቷ ከነክፈፉ ደቋል፣ ፓራፋንጎዋ ታጥፎ ጎማው ላይ ገብቷል። ልጃገረዶቹ ሳቃቸውን ውጠው ዞር አሉ። ካድሬው ቁልፉን ለሾፌሩ ወረወረለትና ከኋላ ገብቶ ተቀመጠ። ላንድሮቨሩ ከግቢው ሲወጣ ሾፌሬ ጠጋ ብሎ «እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ መንጃ ፈቃድ የለውም። ሾፌሩ ነው የነገረኝ» አለኝ። እኔም ገረመኝ ልል አልችልም። አገር ለመንዳት ፈቃድ ያልጠየቀ ሰው ለመኪና ይጠይቃል?

ፓራፋንጎውን መርካቶ ወስጄ አስመታሁት። ምጣድና ማንቆርቆሪያ የሚጠግን ቆርቆሮ ሠሪ ነው የመታልኝ፤ ድሮ ጎበጥ ያለው ቦታ አሁን ጎደጎደ እንጂ ጎማውን ለቀቀው። ከፈልኩት። መብራቱ ግን በገንዘብም የሚገኝ ነገር አልነበረም። ዕቃ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከየት እንደሚመጣለት የሚጠብቅ ከተማ ነበር። መርካቶ ውስጥ ያሉት ዕቃ ሻጮች ሁሉ «ኢንሻአላህ ሰሞኑን» አሉኝ። ያለ መብራት ደግሞ የሰርቦ መንገድ አይሞከርም። ማታ ሲመለስ ይጨልማል፤ ኬላው ላይ ያለው ትራፊክ ባለ አንድ ዓይን መኪና አላሳልፍም ብሎ መልሷታል። ይኸው ትራፊክ ሁለቱም መብራቱ የጠፋ የመንግሥት ካሚዮን ሲያልፍ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ይሰጣል። ሕግ በደካማ ላይ ሲጠብቅ ማየት ለምጃለሁ፣ ግን እንዲህ ዓይን አውጥቶ አይቼው አላውቅም።

ካድሬው ይከፍል ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ሞኝ ነበርኩ መሰለኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ፣ የሂስና የግለ ሂስ ሰዓት ሲደርስ፣ ካድሬው ራሱ ተነስቶ መድረኩ ፊት ቆመ። ፊቱን አሳዝኖ «ጓዶች፣ ባለፈው ሳምንት የንዑስ ከበርቴ ችኮላ አድሮብኝ፣ በአንዲት ጓድ መኪና ላይ መጠነኛ ጉዳት አድርሻለሁ። ይህን ስሕተቴን በሰፊው ሕዝብ ፊት አጋልጣለሁ» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከአጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «እንዴት ያለ ግልጽ ሰው ነው!» አለችና ዓይኗን አበሰች። ስለ መንጃ ፈቃዱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እሱ መድረኩ ላይ ቆሞ በገዛ ጥፋቱ ሲጨበጨብለት፣ እኔ ስለዚያ የተሰበረ መብራት በልቤ እያለቀስኩ ነበር።

ከስብሰባው በኋላ በር ላይ ጠብቄ «ጓድ፣ መብራቱንስ?» አልኩት።

«የምን መብራት?»

«የሰበሩትን ነዋ።»

«ጓድ፣ ጉዳዩ እኮ በሂስ ተዘግቷል» አለኝና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አለፈ። ትከሻዬን የነካበትን ቦታ ቤቴ ስደርስ በውኃ አጠብኩት።

ቡናው እየቀላ ነው። ሰርቦ የሚሄዱት ደንበኞቼ በካሚዮን ላይ ተንጠልጥለው ሲሄዱ አያለሁ። ዋርሳዬ በየሁለት ቀኑ እየመጣ በሩ ላይ ቆሞ ፔጆዋን ያያል፤ አንድ ጊዜማ ወንበሯን በእጁ ሲዳብስ ደረስኩበት። «አሁንም አልተሠራችም?» ይለኛል። የሚጠይቀኝ አዝኖ እንዳልሆነ ድምፁ ይናገራል።

ከዚያ ነው ነገሩ መልክ የቀየረው። ካድሬው ያለ ፈቃድ የመንግሥት መኪና ነድቶ የሰው መኪና ገጨ የሚለው ወሬ ከተማውን ዞረ። ከበላይ አካል አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ዘመቻውን ሊያይ እንደሚመጣም ተሰማ። ካድሬው ፈራ። ሲፈራ የት ሄደ? ሽማግሌ ጋ። ከወር በፊት እዚያው መድረክ ላይ ቆሞ «ሽምግልና የባላባት መሣሪያ ነው፤ ከሥሩ ነቅለን እንጥለዋለን» ያለው ይኸው ሰው ነው። አሁን በሥውር ሰው ልኮ ዋርሳዬን አስጠራውና «አስታርቀን» አለው። ዋርሳዬም በካድሬ መጠራቱ ብቻውን አኮራው።

ሽምግልናው የተቀመጠው ዋርሳዬ ቤት ነው። ካድሬው ላንድሮቨሩን ሩቅ አስቁሞ በእግሩ መጣ፤ ካኪውን ቤቱ ትቶ ሹራብ ለብሷል። ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው በአውራ ጣቱ በኩል ተቀዷል። እኔ ከዋርሳዬ ሚስት ጋር ከመጋረጃው ወዲህ ተቀመጥኩ። መኪናዋ የእኔ ናት፣ ልጆቹ የእኔ ናቸው፣ ነገሬን የሚናገርልኝ ግን ዋርሳዬ ነው። ወጉ እንዲያ ነው ተባልኩ። ጫቱ ተከፋፈለ፣ ዱዓ ተደረገ። በመጋረጃው ቀዳዳ ሳይ ካድሬው እጁን ለዱዓ ከሁሉም ዘግይቶ አነሳ፣ ከሁሉም ቀድሞ አወረደ።

ሽማግሌዎቹ ሰሙና ፈረዱ። አዲስ መብራት ይግዛ፣ የፓራፋንጎውን ማስመቻ ይክፈል፣ መኪናዋ የቆመችበትን ቀን ገቢ ይተካ፣ በላዩም ለክብሯ አንድ ሙክት ያምጣ አሉ። ደስ አለኝ፣ ግን ብዙም አልተደሰትኩም፤ የሚቀጥለውን አውቃለሁና።

በእኛ አገር ሽማግሌ መጀመሪያ ካሣውን ከፍ አድርጎ ይፈርዳል፣ ከዚያ ተበዳዩን እየለመነ ያስቀንሰዋል። ተበዳይም ለአላህ ብሎ ይተዋል፣ ለሽማግሌ ብሎ ይተዋል። የመጨረሻዋ ላይ ሲደርስ ግን በዳዩ ራሱ ከመቀመጫው ይነሳና «የለም፣ ይህቺን እንኳ አልተውም፣ እከፍላለሁ» ይላል። መግደርደር ነው፤ ሁለቱም ወገን የሚጠብቀው መግደርደር። ይቅር የሚባለው ቂሙ እንጂ የተሰበረው ዕቃ አይደለም። ይህን ጅማ ውስጥ ጋሪ ነጂ ሳይቀር ያውቀዋል።

«እንግዲህ ሙክቱን ለአላህ ስትል?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«ለአላህ ብዬ ትቻለሁ» አለ ዋርሳዬ።

«የቆመችበትን ቀን ለነቢያችን ስትል?»

«ትቻለሁ።»

«ፓራፋንጎውን ለእኛ ለሽማግሌዎች ስትል?»

«ለናንተማ ነፍሴንም እሰጣለሁ! ትቻለሁ።» በሰው ዕቃ እንዲህ የሚቸር ሰው አይቼ አላውቅም። የከፈልኩት እኔ፣ የሚመሰገነው እሱ። ሽማግሌዎቹ ጢማቸውን እየዳበሱ «አላህ ይስጥህ፣ ሰው ነህ» ይሉታል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የእኔው ዋርሳ ግን ጅቡን ቤቱ ጠርቶ ነው ያስበላኝ። መኪናዋ ቆማ ብትቀር የማን እንደምትሆን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

«ኤዬ። መብራቷንስ ለአገር ስትል?» ትልቁ ሽማግሌ ይህን ሲሉ የሚያዩት ዋርሳዬን ሳይሆን ካድሬውን ነበር።

«ትቻለሁ» አለ ዋርሳዬ።

ሁሉም ካድሬውን ይጠብቃል። አንዱ ሽማግሌ እንዲገባው ብለው አሳሉ። እኔም ዓይኔን ከመጋረጃው ቀዳዳ አላነሳሁም። ካድሬውም ተነሳ። «ጓዶች፣ ማለት አባቶች» አለ፣ «ስላሳያችሁት ተራማጅ አቋም ከልብ አመሰግናለሁ።» ጫማውን አጠለቀና ወጣ።

ሽማግሌዎቹ ጫቱን በአፋቸው እንደያዙ ቀሩ።

«ኧረ ማሎ! ሰውየው ሄደ እኮ!» አሉ አንዱ።

«ይመለስ ይሆናል» አሉ ሌላው። ካድሬው ግን አልተመለሰም። ጠርቶ «ወጉ እንዲህ ነው» የሚለው ደፋርም በመካከላቸው አልተገኘም። ጢም ብቻ!

ትልቁ ሽማግሌ ቆየት ብለው ወደ መጋረጃው ዞሩ። «የመኪናዋ ባለቤትስ? ከአፏ አልሰማንም። ይቅር ብለሻል፣ ልጄ?»

ዋርሳዬ ቀደመኝ። «እኔ ካልኩ እሷም ብላለች» አለ።

እኔ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ አድርገው ወሰዱት። እንደዚያ መውሰድ ለምደዋልና አልፈረድኩባቸውም፤ ንቄ ግን ተውኳቸው።

የዚያን ሰሞን ዋርሳዬ ደስ ብሎት ነበር። «አላህ ይተካልሻል» እያለ ይመክረኛል። «ዋናው እርቁ ነው።» ፔጆዋን የሚነዳለት ሾፌር ሲያፈላልግ እንደነበረ የነገረኝ ሌላ ሰው ሳይሆን ያነጋገረው ሾፌር ራሱ፣ የእኔው ሾፌር ነው። «እኔ እንኳ ከርስዎ ጋር ነኝ፣ እትዬ፤ ግን ልጆች አሉኝ፣ እስከ መቼ ቆሜ እጠብቃለሁ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ከሁሉም መካከል በቅንነት ያናገረኝ እሱ ብቻ ነበር።

የተባለው ትልቅ ባለሥልጣን መጣ። ስብሰባ ተጠራ። መድረኩ ላይ ባለሥልጣኑ መሐል፣ ካድሬው በቀኙ ተቀምጠዋል። ለቡና ለቀማው የተመደበው ሰው፣ የተመደበው መኪና ሁሉ ሲነበብ የእኔም ፔጆ ተጠራች፤ ለቃሚዎችን ከጅማ ሰርቦ የምታደርስ ተብላ። የካድሬው ፊት ላይ አንዲት መስመር አልተንቀሳቀሰችም። የቆመች መኪና ለዘመቻ መድቦ ለበላዩ ሲያቀርብ አላፈረም። እዚያ ጋ ነው ትዕግሥቴ ያለቀው። የግለ ሂስ ሰዓት ሲደርስ እጄን አነሳሁ።

ፈርቼ ነበር። የሚንቁትን መፍራት አይቀርም። ያን ጊዜ ሰው ከዚህ ባነሰ ቃል ከቤቱ ወጥቶ ሳይመለስ ይቀር ነበር። የፊቴን ወንበር ይዤ ተነሳሁ። ግን ግለ ሂስ ነውና ማንም ሊያስቆመኝ አይችልም፤ ሕጉን ያወጡት እነሱ ናቸው።

«ጓዶች፣ ስሕተቴን በሰፊው ሕዝብ ፊት አጋልጣለሁ» አልኩ። «ለዘመቻው የተመደበችው መኪናዬ አትሠራም። አለመሥራቷን ሳላሳውቅ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ። ይህ የእኔ ድክመት ነው።»

ባለሥልጣኑ ቀና አለ። «ለምን አትሠራም?»

«ግራ መብራቷ ተሰብሮ ኬላው አያሳልፋትም፣ ጓድ።»

«ማነው የሰበረው?»

የካድሬው ግንባር ላይ ላብ ችፍ አለ። እኔ ግን ስሙን አልጠራሁም፤ ያኔም አልጠራሁትም።

«እሱን እንኳ ባልናገር ይሻላል፣ ጓድ። በሽማግሌ አልቋል። ሰውየው ራሱ ሽማግሌ ልኮ፣ ጫት ተቀርቦ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ለአላህ ለነቢ ተብሎ…»

«የትኛው ሽማግሌ?» አለ ባለሥልጣኑ። «ይህ ነገር እዚህ አሁንም አለ እንዴ?»

ካድሬው ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሳ። «ጓዶች!» አለ፤ ድምፁ ቀጥኖ ነበር። «የዚህችን ጓድ መኪና ጉዳይ በተመለከተ ኃላፊነቱን እኔ ወስጃለሁ። ነገ ጠዋት መስመሯ ላይ ትሆናለች። አብዮታዊ ቃሌ ነው።» ጭብጨባ። ያ ሕዝብ ለሁሉም ነገር ያጨበጭባል፤ እኔም አብሬ አጨበጨብኩና ተቀመጥኩ። ባለሥልጣኑ ስለ ሽማግሌዎቹ መጠየቁን ተወ፤ ቶሎ ምሳ የሚፈልግ ይመስል ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ላንድሮቨሩ በሬ ላይ ቆመ። የመጣው የካድሬው ሾፌር ብቻውን ነው። ከጅማ ጫፍ እስከ ጫፍ ሌሊቱን መብራት ሲፈለግ አድሯል፤ በሥልጣንም አልተገኘም። ከሌለ የለም ነዋ፣ ገበያው ካድሬ አይፈራም። ስለዚህ ሾፌሩ መፍቻውን አወጣና የላንድሮቨሩን ግራ መብራት መፍታት ጀመረ። ክቡ መብራት ለሁለቱም ይሆናል። ሾፌሬና እሱ እየሳቁ ፔጆዬ ላይ ገጠሙት። ፓራፋንጎዋ አሁንም እንደ ጎደጎደ ነው፣ ዓይኗ ግን በራ።

የቀረውን ወቅት ሙሉ ሠራች። ካድሬው ደግሞ ያን ወቅት ሙሉ በአንድ ዓይና ላንድሮቨር ተንከራተተ። ማታ ማታ በሰርቦ መንገድ ሲመጣ ሰው ከሩቅ ሞተር ብስክሌት ይመስለውና ወደ መሐል ይገባል፤ ሲቀርብ ደንግጦ ይሸሻል። ኬላው ላይ ያለው ትራፊክ ታዲያ አንድ ዓይናውንም ቢሆን ሰላም ይል ነበር።

ቡናው ሲያልቅ ዋርሳዬ መጣ። በእጁ ምንም አልያዘም። «አየሽ፣ የእኔ ሽምግልና ነው ያሠራልሽ» አለኝ።

«ወቅቱ አልፏል፣ ሠርታለች» አልኩት። «በዘመድ ፊት ቃል ሰጥተዋል።» ከዚያ በኋላ ስለ መኪናዋ አንስቶብኝ አያውቅም፤ ወንበሯንም ሲዳብስ አላየሁትም።

ካድሬው ብዙ አልቆየም። ለምን እንደወረደ አላውቅም፣ አልጠየቅሁምም። የሰማሁት ላንድሮቨሩን ሌላ ሰው እንደተቀበለው ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እኔው ራሴ ከፊት ተቀምጬ ከሰርቦ ስንመለስ መንገድ ዳር አንድ ሰው ሻንጣውን አጠገቡ አቁሞ እጁን አነሳ። ሾፌሬ ማን መሆኑን ሳያውቅ አቆመ። እሱ ነው። ሹራቡ ያው ሹራብ ነው። ቦታ የነበረው ከኋላ፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ሁለት እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች የያዘች ሴት አጠገብ ነበር፤ ሻንጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተጨናንቆ ገባ። መንገዱን ሙሉ ማንም አላናገረውም፤ ዶሮዎቹ ብቻ ነበሩ የሚያነጋግሩት።

መርካቶ ደርሰን ተሳፋሪው እየወረደ ሲከፍል እሱ ወደኋላ ቀረ። ሰው ሁሉ የሄደ መስሎት ነበር፣ ግን አልሄደም፤ ቆሞ ያየው ነበር። ከዚያ ወደ እኔ መስኮት ጠጋ ብሎ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«እትዬ» አለኝ። ጓድ ቀርቷል። «የዛሬዋን እንኳ ይተዉልኝ። እኔና እርስዎ እኮ ድሮ ታርቀናል። ይቅር ብለውኛል።»

አየሁት። ይህን ቀን እያሰብኩ ስንት ጊዜ በልቤ ሰድቤው ነበር፤ ሲደርስ ግን አንድም ስድብ አልመጣልኝም።

«ይቅር ያለዎት የባሌ ወንድም ነው» አልኩት። «ቤቱ ጊንጆ ነው፣ ያውቁታል፤ ሄደው እሱን ያመስግኑት። እኔ ግን እስካሁን ምንም አላልኩም።»

ኪሱን ሲዳብስ ቆየና የታጠፈች ብር አወጣ። ሾፌሬ ሊቀበለው እጁን ሲዘረጋ ከለከልኩትና ራሴ ተቀበልኩ። መልስ ነበረው። ሳንቲሙን ከመቀነቴ ፈትቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት፤ ከታሪፉ በላይ አምስት ሳንቲም አልወሰድኩበትም።